ሾኩ ይርዘም ወይስ አንገት ይትረፍ?

ሰሞኑን አንድ የሰፈራችን ጎረምሳ አስቆመኝ። ከኋላ ሞላ የሌላት የተራራ ብስክሌት አለችው፤ የፊት ሾኳ እስከ 100 ሚሊ ሜትር ይሰምጣል። «ጋሼ፣ ብር አጠራቅሜያለሁ፤ ባለ 150 ላስገባላት ነው። የእንጦጦን ቁልቁለት እንደ ሞተር ነው የምወርደው!» አለኝ። «ቆይ እስቲ!» አልኩት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

ሾክ ሲረዝም የብስክሌቷ ፊት ወደ ላይ ይነሳል። በየ20 ሚሊ ሜትሩ የመሪው ማዕዘን አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ይጋደማል። ዳገት ላይ ታዲያ የፊት ጎማው መሬት አልቆነጥጥም ይላል፤ መሪው ይዋልላል። የኋላው ስለማይሰምጥ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዙ ደግሞ አፍንጫዋን ትደፋለች። የባሰው ግን ጫናው የሚያርፈው የቴላዮው አንገት ላይ መሆኑ ነው። ካልተሠራለት ልክ በላይ ሲጫኑት ብየዳው ሊሰነጠቅ ይችላል። መሪው እጃችሁ ላይ ቀርቶ ብስክሌቷ ስትሄድ አስቡት!

ታዲያ ምን ይሻላል? ዳገትና ጥርጊያ መንገድ ለሚያዘወትር ከ100 እስከ 120 ይበቃል። ድንጋያማ ቁልቁለት ለሚወድ ከ130 እስከ 140 ጥሩ ነው፤ ያውም ቴላዮው ከፈቀደ ብቻ! አምራቹ ያስቀመጠውን ጣሪያ ሳታውቁ ብር አታውጡ። መጀመሪያ ያላችሁን ሾክ በክብደታችሁ አስተካክሉት፤ ስትወጡባት ከሙሉ ልኩ 20 በመቶ ያህል ቢሰምጥ ደግ ነው። ከዚያ ለጥሩ ጎማና ለፍሬን አውጡ።

እኔ በበኩሌ ምክሬ ይኸው ነው፦ ሾክ ይለወጣል፤ አንገት ግን መለዋወጫ የለውም!