ጫካ ያለበሳቸው ፍርስራሾች

ከፊሊፒንስ በስተምሥራቅ፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ፓላው የምትባል የደሴቶች አገር አለች። ከደሴቶቿ አንዷ የሆነችው ፔሌሊው ስፋቷ 13 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከኮሮር ከተማ በጀልባ ተጉዞ ወደዚያ የሚደርስ ጎብኚ አስቀድሞ የሚያየው ለምለም ደን ነው። ጦርነት የተካሄደባት ምድር መሆኗን የሚያስታውቅ ምልክት ከሩቅ አይታይም። ምልክቱ ያለው ከቅጠሉ ሥር ነው።

ጃፓን ፓላውን ከጀርመን የወሰደችው በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1914 ሲሆን፣ ኋላም በፔሌሊው ላይ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ሠራች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ወደ ፊሊፒንስ ሲገሠግስ፣ ከዚህ ማረፊያ የሚነሡ አውሮፕላኖች ከጎን እንዳያጠቁት ሠጋ። ስለዚህም ሴፕቴምበር 15 ቀን 1944 ወታደሮቹን በደሴቲቱ ዳርቻ አወረደ። የአሜሪካው አዛዥ ጄኔራል ሩፐርተስ ውጊያው በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደሚያልቅ ተናግረው ነበር፤ ያለቀው ግን በኖቬምበር መጨረሻ ነው። የጃፓኑ አዛዥ ኮሎኔል ናካጋዋ አብዛኛውን ሠራዊታቸውን በኮረብታዎቹ ውስጥ በሚገኙ ከአምስት መቶ በላይ ዋሻዎች ስለ ደበቁ፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ ለየብቻው መያዝ ነበረበት። ከአሥር ሺህ የሚበልጡ ጃፓናውያን ሲሞቱ፣ ከአሜሪካውያን ወገን 1,800 ያህል ሞተው 8,000 ያህል ቆሰሉ። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ አድሚራል ሃልሲ ዘመቻው እንዲቀር ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ሐሳብ ማቅረባቸውና ተቀባይነት አለማግኘቱ ነው።

በውጊያው ጊዜ ቦምብና እሳት የኮረብታዎቹን ዛፎች ጠራርገው አጥፍተው፣ ነጩን የኖራ ድንጋይ አራቁተውት ነበር። ሙቀትና ዝናብ በማይጠፋበት አገር ግን ዕፀዋት ፈጥነው ይመለሳሉ። ዛሬ የጃፓን አየር ኃይል ዋና መምሪያ የነበረው የአርማታ ሕንፃ ጣሪያው በቦምብ ተቀዶ፣ ግድግዳውን ሥሮች አቅፈውት ይታያል። ከዋርካ ወገን የሆነ ዛፍ ዘሩን ወፍ ከግድግዳ አናት ላይ ከጣለችለት እዚያው ይበቅላል፤ ሥሩንም ወደ ታች እየሰደደ ስንጥቁን ያሰፋዋል። የባሕሩ ጨዋማ አየር ደግሞ በአርማታው ውስጥ ያለውን ብረት ያዝገዋል። የዛገ ብረት ስለሚያብጥ ሲሚንቶውን ከውስጥ ይፈነክተዋል። ነገሩ እንግዳ የሚሆነው፣ ሕንፃውን የሚያፈርሰው ሥር አንዳንድ ጊዜ ደግፎ የሚያቆመውም እርሱ በመሆኑ ነው፤ ዛፉ ቢቆረጥ ግድግዳው አብሮ ሊወድቅ ይችላል። ከማረፊያው አጠገብ በሣር ተከቦ የቆመው ትንሽ የጃፓን ታንክም ከቀን ወደ ቀን በዝገት እየተበላ ነው።

የደሴቲቱ ተወላጆች በዚህ ጦርነት ከሁለቱም ወገን አልነበሩም። ጃፓኖች ከውጊያው አስቀድመው ባቤልዳኦብ ወደምትባለው ትልቅ ደሴት አዛወሯቸው፤ ሕይወታቸውም በዚሁ ተረፈ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን የሚያውቋቸው መንደሮች ጠፍተው ነበር። ለጎብኚ መስሕብ የሆነው ፍርስራሽ ለእነርሱ የአባቶቻቸው ርስት ነው።

ችግሩም ገና አላበቃም። ሳይፈነዱ የቀሩ የመድፍ ጥይቶች፣ የሞርታር ቦምቦችና የእጅ ቦምቦች በቅጠል ብስባሽ ተሸፍነው በየስፍራው ይገኛሉ። የብረቱ ቅርፊት ቢዝግም በውስጡ ያለው ፈንጂ ኃይሉን አያጣም። በዚህም ምክንያት መሬት የሚቆፍር ገበሬም ሆነ ከመንገድ የሚወጣ እንግዳ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ፈንጂ አምካኞች በደሴቲቱ ላይ ሲሠሩ ቆይተዋል፤ በሥርና በድንጋይ መካከል የሚደረገው ፍለጋ ግን ፈጽሞ የሚያጣድፉት ሥራ አይደለም። ስለዚህ ጎብኚዎች አካባቢውን የሚያውቅ መሪ ተከትለው በተጠረገው መንገድ ብቻ ይሄዳሉ። የወደቀ ጠርሙስም ይሁን የራስ ቁር አንሥቶ መውሰድ በሕግ የተከለከለ ነው።

ዋሻዎቹን በሚመለከት ጥንቃቄው ሌላም ምክንያት አለው። በውጊያው ጊዜ የብዙዎቹ አፍ በፈንጂ ተዘግቶ፣ በውስጣቸው የነበሩት ወታደሮች እዚያው ቀርተዋል። ሠላሳ አራት የጃፓን ወታደሮች የጦርነቱን ማብቃት ሳያምኑ በደሴቲቱ ተሸሽገው ቆይተው፣ እጃቸውን የሰጡት በ1947 ነው። በ2015 የጃፓን ንጉሠ ነገሥት አኪሂቶና ባለቤታቸው ወደ ፔሌሊው መጥተው ለሙታን አበባ አኖሩ። የሟቾችን አፅም ፈልጎ ወደ አገሩ የመመለሱ ሥራም ከዚያ ወዲህ ቀጥሏል። አውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ ጫካው ተመንጥሮለት፣ በ2024 የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላን እንደገና አርፎበታል።