በሕማማት ሳምንት ጎረቤታችን እጃችንን የማይጨብጠን ለምንድን ነው?

መልካ ጀብዱ ላይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከመጣ ወዲህ ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ አንድ ግቢ ተከራይቶ መኖሩ የተለመደ ነው። ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱ፣ ካቶሊኩና ሙስሊሙ በአንድ ቧንቧ ውኃ ይቀዳሉ። ታዲያ ትናንት ተሳስሞ የተለያየ ጎረቤት ሰኞ ጠዋት እጁን ሰብስቦ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ብቻ ሲያልፍ፣ ነገሩን የማያውቅ ሰው "ምን አስቀየምኩት?" ማለቱ አይቀርም።

ምንም አላስቀየሙትም። ከሆሳዕና ማግስት ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ድረስ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት መሳሳምም መጨባበጥም የለም። ይሁዳ ጌታውን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ስለሆነ ያ ሰላምታ ለሳምንቱ ይቀራል። በአፍ "እንደምን አደራችሁ" ማለት ግን አልተከለከለም፤ ዝም ብሎ ማለፍ ሥርዓቱ ሳይሆን የሰውየው ጠባይ ነው።

ሳምንቱ የ5500 ዘመን የፍዳና የኩነኔ ዘመን መታሰቢያ ተደርጎ ስለሚቆጠር ብዙ ነገር ይቆማል። ከሰኞ እስከ ረቡዕ አይቀደስም፣ ክርስትና አይነሣም፣ ሠርግማ በዐቢይ ጾም ከነጭራሹ የለም። በምትኩ በየሰዓቱ ግብረ ሕማማት የተባለው መጽሐፍ ይነበባል፣ ይሰገዳል።

ከሁሉም በላይ ቤተሰብን የሚያስጨንቀው በዚህ ሳምንት ሰው ሲሞት ነው። ፍትሐት አይደረግም። ለቅሶ ደራሽ ከሌላ እምነት ከሆነ "ምን በድሎ ነው ያለ ፍትሐት የሚቀበረው?" ብሎ ይጠረጥራል፤ ሐዘንተኛውም ነገሩን ካላወቀ ሆዱ ይባባል። ግን ቅጣት አይደለም። የሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞቱት ሁሉ ጸሎተ ፍትሐት አስቀድሞ ይደርሳል። ሰውየው በሕይወት እያለ፣ ምናልባትም እዚያው ምእመናን መካከል ቆሞ ሳለ፣ ፍትሐቱ ተደርጎለታል ማለት ነው። ብዙ ሰው ዘንባባውን በጣቱ አስሮ ወደ ቤቱ ስለሚቸኩል ይህን ጸሎት ሳይሰማ ይቀራል። በኛ እይታ ከሳምንቱ ሥርዓት ሁሉ ይህንን የሚያህል የለም።

ካቶሊኮችም ተቀራራቢ ነገር አላቸው። በምሥራቁ ያለው የሐረር ሐዋርያዊ ቪካሪያት የላቲን ሥርዓት ይከተላል። በዚያ ሥርዓት ከጸሎተ ሐሙስ እስከ ትንሣኤ የቀብር ጸሎት ይደረጋል፣ ለሟች የሚቀርበው ቅዳሴ ግን ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ፕሮቴስታንቶች ዘንድ ቀብር እንደ ወትሮው ነው፤ መዝሙርም ስብከትም አለ።

ሐሙስ የእግር ማጠብ ቀን ነው። በተዋሕዶውም በካቶሊኩም ካህናቱ ጎንበስ ብለው የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ ጉልባን ይቀቀላል፤ ባቄላውና ስንዴው ለጎረቤትም ይደርሳል። ጾሙን የማይጾም ጎረቤትም ቢሆን ጉልባኑን እንቢ ሲል አላየንም።

ዓርብ ስቅለት ነው። በዚህ ቀን ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም አይቀድሱም። ኦርቶዶክሱ ከጠዋት እስከ ማታ ይሰግዳል፤ መጨረሻ ላይ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ጠብ ጠብ እያደረገ ተጨማሪ ስግደት ያዘዋል። በድሬ የሚያዝያ ሙቀት፣ ውኃ ሳይቀምሱ፣ ይህ ቀላል አይደለም። የቻለ እስከ እሑድ ሌሊት ያከፍላል። ካቶሊኩ የመስቀሉን መንገድ በ14 ማረፊያዎች እየቆመ ይጸልያል፣ መስቀሉን ይሳለማል፣ ሐሙስ ከተቀደሰው ቁርባን ይቀበላል። ፕሮቴስታንቶች እንደየቤተ ክርስቲያናቸው ይለያያሉ፤ የሉተራን ሥርዓት ያላት መካነ ኢየሱስ የዓመቱን በዓላት በቅደም ተከተል ስትይዝ፣ ሌሎች ዕለቱን በጸሎት፣ በመዝሙርና ስለ መስቀሉ በሚሰበክ ስብከት ያሳልፉታል። የ55 ቀኑ ጾም በነሱ ዘንድ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ በሕማማት ሳምንት ሥጋ የሚበላ ክርስቲያን ቢያዩ ጾም ገደፈ ብለው አይፍረዱ።

ቅዳሜ ጠዋት ቄጤማ ይታደላል፤ ሰው በግንባሩ አስሮት ሲሄድ የምናየው ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቅዳሴው ሲያልቅ ይፈሰካል፤ ዶሮው ያኔ ነው።

አገራችን ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የምዕራቡ ዓለም ፋሲካ በ1582 በወጣው የጎርጎርዮስ ቀመር ሲሄድ የኛ በባሕረ ሐሳብ ነው። በ2018 እነሱ መጋቢት 27 ሲያከብሩ እኛ ሚያዝያ 4 አከበርን፤ በ2017 ደግሞ ሁለቱም ሚያዝያ 12 ላይ ገጠሙ። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም ከኦርቶዶክሱ ጋር በአንድ ቀን ነው የሚያከብረው። ሮም ካለው ወንድሙ ይልቅ ከግቢው ጎረቤት ጋር ይፈስካል ማለት ነው።

በ2019 ልዩነቱ አምስት ሳምንት ይሆናል። የነሱ መጋቢት 19፣ የኛ ሚያዝያ 24 ነው። ስቅለት ዓርብ ሚያዝያ 22 ላይ ሲውል፣ ማግስቱ ቅዳሜ ደግሞ የሠራተኞች ቀን ነው፤ ሦስት በዓል በተከታታይ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ግን መደበኛ የሥራ ቀን ስለሆነ፣ ለስግደት መሄድ የምትፈልጉ ፈረቃ ሠራተኞች ከወዲሁ ከባልደረባ ጋር ተነጋገሩ። የሌላ እምነት ተከታይ የሆናችሁም ለመቀያየር አትሰስቱ፤ በረመዳን ተራው የናንተ ነው።