ጠላው ያው ነው፤ ሰውነቱ ግን ትንሽ ነው
ስለ አልኮል ከልጆች ጋር ለመነጋገር የሚረዳ አንድ ቀላል ስሌት

እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በምትገኘው ለቡም አልኮል ለልጆች እንግዳ ነገር አይደለም። «ግሮሰሪ» የሚለውን ቃል ከሸቀጥ ይልቅ ከቢራ ጋር አያይዘው ያውቁታል። በዓል ሲመጣ ደግሞ ጠላው እቤታቸው ድረስ ይገባል። «ጠላ እኮ ነው፤ ልጅን ምን ያደርገዋል?» ይባልና በትንሿ ብርጭቆ ይቀዳላቸዋል። በዚህ ጽሑፍ ይህንን የተለመደ ጥያቄ እንደ እውነተኛ ጥያቄ ወስደን መልሱን በስሌት ለመፈለግ እንሞክራለን።

በመጀመሪያ በብርጭቆው ውስጥ ያለውን እንመልከት። ጠላ፣ ጠጅ፣ ቢራና አረቄ የሚያሰክሩት በአንድ ንጥረ ነገር፣ በኢታኖል ነው። የጠላ ጥንካሬ እንደ አጠማመቁ ይለያያል፤ ለምሳሌ ያህል 4 በመቶ የሆነውን እንውሰድ። በሩብ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ይገኛል ማለት ነው። የኢታኖል እፍግታ በሚሊ ሊትር 0.79 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ መጠነ ቁሱ ወደ 8 ግራም ይጠጋል።

ይህ 8 ግራም ወዴት ይሄዳል? ኢታኖል በውኃ ስለሚሟሟ፣ ውኃ ባለበት የሰውነት ክፍል ሁሉ ይሰራጫል። ስዊድናዊው ሳይንቲስት ኤሪክ ዊድማርክ ይህንን ሐሳብ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እስካሁን የሚሠራበትን ቀመር አስፍሯል፦ የአልኮሉን ግራም ለሰውነት ክብደትና 0.7 ገደማ ለሆነ አሐዝ ብዜት ማካፈል ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን አባት ውጤቱ በኪሎ ግራም 0.16 ግራም ይሆናል። 20 ኪሎ ለሚመዝን የስድስት ዓመት ልጅ ግን 0.57 ይደርሳል። ስሌቱ ግምታዊ ቢሆንም ንጽጽሩ ግልጽ ነው፤ ያው ብርጭቆ በልጁ ሰውነት ውስጥ ሦስት እጥፍ ተኩል ይሆናል። በርካታ የአውሮፓ አገሮች አንድን ጎልማሳ መኪና እንዳያሽከረክር የሚከለክሉት በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.5 ግራም ሲገኝበት መሆኑን ስናስብ፣ ጉዳዩ «ቅምሻ» ከሚለው ቃል በላይ እንደሆነ እንረዳለን።

ችግሩ በስካር ብቻ አያበቃም። ጉበት አልኮሉን በማስወገድ ሲጠመድ፣ አዲስ ስኳር አምርቶ ለደም የማቅረብ ሥራው ይስተጓጎላል። የትንሽ ልጅ የስኳር ክምችት አነስተኛ በመሆኑ፣ በተለይ ምግብ ካልበላ፣ የደሙ ስኳር አደገኛ ወደሆነ ደረጃ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ «ጠጥቶ ተኛ» የተባለው ልጅ ተኝቶ ሳይሆን ራሱን ስቶ ሊሆን ይችላል። ሲቀሰቀስ የማይነቃ ልጅ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት። ቡናም ሆነ ሎሚ አልኮሉን ከደም አያወጣም። ከፍ ያሉ ታዳጊዎችም ቢሆኑ ከጉዳት ነፃ አይደሉም፤ ማመዛዘንንና ራስን መግታትን የሚመራው የአንጎል የፊት ክፍል እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ መብሰሉን ይቀጥላል።

ሕጉም ይህንን ዕድሜ ቸል አላለውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ የአልኮል ማስታወቂያም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወጣ አድርጓል። ይሁን እንጂ አዋጁ የግሮሰሪውን በር ቢጠብቅም፣ በበዓል ቀን «በሞቴ፣ አንዴ ቅመስ» የምትለዋን አክስት ሊቆጣጠር አይችልም። እርሷ ክፋት አስባ አይደለም፤ ፍቅሯን የምትገልጽበት ልማድ ነው። ክፍተቱን ሊሞላ የሚችለው ውይይት ብቻ ነው።

ታዲያ እንዴት እንነጋገር? «ነውር ነው» ብሎ መዝጋት፣ ወላጆቹ ሲጠጡ ለሚያይ ልጅ አሳማኝ አይሆንም። አስቀድመን ስለ መጠጥ ምን እንደሚያውቅ እንጠይቀው፤ ሳናቋርጥም እናድምጠው። ለትንሹ ልጅ «ሰውነትህ ገና ትንሽ ስለሆነ አንድ ብርጭቆ ለአንተ ከሦስት ብርጭቆ በላይ ይሆናል» ብንለው ይገባዋል። ለታዳጊው ደግሞ ወረቀትና እርሳስ ሰጥተን ስሌቱን ራሱ እንዲሠራው ብናደርግ ይበልጥ ያምነዋል። ጓደኞቹ ሲጋብዙት በምን ቃል እንደሚመልስ አብረን ብንለማመድም አይጎዳም። ሳናስፈራራና ሳናጋንን፣ በአንድ ቀን ምክር ሳይሆን በየጊዜው ልናነሣው ይገባል።

ውድ አንባብያን፣ አብዛኞቻችሁ እናንተ ራሳችሁ 21 ዓመት አልሞላችሁም፤ በዚያው ልክ በቤታችሁ ታላቅ እህት ወይም ታላቅ ወንድም ናችሁ። ትንንሾቹ ከወላጅ ይልቅ እናንተን አይተው የሚወስኑበት ጊዜ ብዙ ነው። ለመጪው በዓል ለልጆቹ በዕለቱ የተበጠበጠ፣ ያልፈላ ብርዝ እንዲዘጋጅላቸው ጠይቁ። ያች አክስት ብርጭቆውን ስትዘረጋም በአክብሮት ተቀብላችሁ ስሌቱን አስረዷት።