ከደኅንነት በኋላ የሚመጣው ጭንቀት፦ በሦስተኛ ሀገር የሠፈሩ ስደተኞች የአእምሮ ጤና

አንድ ስደተኛ ከሞትና ከእስራት አምልጦ፣ ዓመታትን በመጠለያ ጣቢያ አሳልፎ፣ በመጨረሻ ሰላም ወዳለበት ሦስተኛ ሀገር ሄዶ ሲሠፍር መከራው ሁሉ ያበቃ ይመስላል። ዘመድ ወዳጅም «እንኳን ተገላገለ» ይላል። የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች የሚያዩት ግን ከዚህ ይለያል። ለአንዳንዱ ስደተኛ ከባዱ ጊዜ የሚጀምረው አዲሱ ሀገር ከገባ ከወራት በኋላ፣ የመጀመሪያው ደስታ ሲበርድ ነው።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ኢትዮጵያ ከ1 ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን አስጠልላለች። በአማራ ክልል ዳባት ወረዳ በሚገኘው የዓለምዋጭ መጠለያ ኤርትራውያን ስደተኞች ይኖራሉ። ከስደተኞች መካከል በሦስተኛ ሀገር የመሥፈርን ዕድል በተስፋ የሚጠባበቁ ብዙዎች ናቸው፤ በዓለም ደረጃ በየዓመቱ ዕድሉን የሚያገኙት ግን ከ100 ስደተኞች አንድ እንኳ አይሞሉም። በሌላ በኩል ወንድሙ፣ እኅቱ ወይም ልጁ በስደት ባሕር ማዶ የሚኖርበት ቤተሰብ በከተማም በገጠርም ጥቂት አይደለም። ስለዚህ በአዲስ ሀገር የሠፈረ ሰው ምን እንደሚያስጨንቀውና ምን እንደሚያጽናናው ማወቅ ይጠቅማል። በስፋት ከተጠኑትና ለአርሶ አደር በቀላሉ ከሚገቡት ምሳሌዎች አንዱ የቡታን ስደተኞች ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደረሰኝ ያጡ ገበሬዎች

ቡታን በሂማልያ ተራሮች ላይ፣ በሕንድና በቻይና መካከል የምትገኝ ትንሽ ሀገር ናት። በደቡባዊው የሀገሪቱ ክፍል ሎትሻምፓ የሚባሉ፣ የኔፓል ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝቦች ለትውልዶች ሩዝ፣ በቆሎ፣ ብርቱካንና ሄል እያመረቱ ኖረዋል። በ1985 ጥብቅ የዜግነት ሕግ ወጣ። በ1988 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራም ገበሬው ዜጋ መሆኑን ለማረጋገጥ የ1958ን የመሬት ግብር ደረሰኝ እንዲያቀርብ ተጠየቀ። ከ30 ዓመት በፊት የተቆረጠ ወረቀት በእጁ ያልተገኘ ሰው በተወለደበት ቀዬ መጤ ተባለ። ቋንቋቸው ከትምህርት ቤት ወጣ፤ የሰሜኑን አለባበስ እንዲለብሱም ታዘዙ። በ1990 ተቃውሞ ሲነሣ እስራትና ማሳደድ ተከተለ፤ በዐሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም መሬታቸውን ትተው በሕንድ በኩል ወደ ምሥራቅ ኔፓል ተሰደዱ።

በዚያም ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች በሰባት መጠለያ ጣቢያዎች፣ ከቀርከሃ በተሠሩ ጎጆዎች ውስጥ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ለሚጠጋ ጊዜ ኖሩ። ኔፓልና ቡታን ደጋግመው ቢደራደሩም ስደተኞቹ ወደ ሀገራቸው ሊመለሱ አልቻሉም። በ2007 መጨረሻ ሠፈራው ተጀመረ፤ ስምንት ሀገራትም ተቀበሏቸው። በ2015 በሦስተኛ ሀገር የሠፈሩት ቁጥር ከ100 ሺህ አለፈ፤ አብዛኞቹን የተቀበለችው አሜሪካ ናት።

በሰላም ሀገር የደረሰ ሐዘን

ከዚህ በኋላ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ከየካቲት 2009 እስከ የካቲት 2012 ባሉት ሦስት ዓመታት አሜሪካ ከሠፈሩት የቡታን ስደተኞች መካከል 16ቱ ሕይወታቸውን በራሳቸው አጠፉ። ይህ በዓመት ከ100 ሺህ ሰዎች 20 ያህል መሆኑ ነው። በአሜሪካ ሕዝብ ዘንድ የነበረው መጠን ግን 12 ያህል ነበር። ማሳደዱንም፣ የመጠለያውን ረጅም ዘመንም ችለው ያለፉ ሰዎች ሰላምና ዳቦ ባለበት ሀገር መሞታቸው የጤና ባለሥልጣናትን አስደነገጠ።

የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከል ማዕከል የሟቾችን ቤተሰቦች አነጋገረ፤ በአራት ግዛቶች የሚኖሩ 423 የቡታን ስደተኞችንም ጠየቀ። ከተጠየቁት ከ100ው 21ዱ የድባቴ ምልክት፣ 19ኙ የከባድ ጭንቀት ምልክት ታየባቸው። ባለፈ ሰቆቃ ትዝታ የሚመጣው የአእምሮ ሕመም የታየባቸው ግን ከ100 አምስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሰዎቹን በይበልጥ ያስጨነቃቸው በፊት ያዩት መከራ ብቻ እንዳልነበረ ቁጥሩ ያመለክታል። ከመጡ በኋላ ምን እንደከበዳቸው ሲጠየቁም ቋንቋ አለማወቅን፣ ለቀረ ቤተሰብ መጨነቅን፣ ወግንና ሃይማኖትን እንደ ልማድ ለመፈጸም መቸገርን ነበር ደጋግመው ያነሡት። የቤቱ እንጀራ አቅራቢ መሆን ያልቻሉ፣ የቅርብ አለኝታ የሌላቸውና በቤታቸው ጠብ የነገሠባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ለአደጋ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ።

ገበሬው ሲሠፍር የሚያጣው

ይህን ለመረዳት በገበሬው ቦታ ሆኖ ማሰብ ይበቃል። በቀዬው ሳለ ዝናቡ መቼ እንደሚገባ፣ የትኛው ማሳ ምን እንደሚያበቅል ያውቃል። ጎረቤት ሲጣላ ይሸመግላል፤ ልጆቹ ከእርሱ ይማራሉ። በአዲሱ ከተማ ይህ ሁሉ እውቀት ዋጋ የለውም። ቤቱ በፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። አውቶቡስ ለመሳፈር፣ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ፣ የመብራት ሂሳብ ለመክፈል የሰው እርዳታ ይሻል።

የቤቱ ሥርዓትም ይገለበጣል። ልጆች በትምህርት ቤት ቋንቋውን ቶሎ ይለምዱና ለአባትና ለእናት አስተርጓሚ ይሆናሉ። የዐሥር ዓመት ልጅ የእናቱን ሕመም ለሐኪም ሲያስረዳ፣ ወይም የአባቱን ደብዳቤ ሲያነብ፣ ወላጅ በልጁ ፊት እንዳነሰ ይሰማዋል። ሚስት በሆቴል ጽዳት ወይም በመጋዘን ሥራ አግኝታ ባል ያለ ሥራ ሲቀመጥ አዲስ ቅሬታ ይወለዳል። አረጋውያን ደግሞ ሌላው ሁሉ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ሲሄድ ቀኑን ሙሉ በር ዘግተው ብቻቸውን ይውላሉ።

የገንዘቡም ነገር ቀላል አይደለም። ስደተኛው አሜሪካ የሚገባበት የአውሮፕላን ትኬት በስጦታ የሚሰጥ ሳይሆን ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ ከገባ ከጥቂት ወራት በኋላ መክፈል ይጀምራል። የተቀባይ ድርጅቶች ዋና ድጋፍ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ላይ ያተኮረ ነው። ሰውየው ቋንቋውን ሳይለምድ ኪራይ፣ ዕዳና ከሀገር ቤት የሚመጣ «ላክልን» የሚል ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይደርሱበታል።

እነዚህ ሸክሞች በቡታኖች ላይ ብቻ የወደቁ አይደሉም። ከ22 ሺህ በላይ ተፈናቃዮችንና ስደተኞችን የተመለከቱ ጥናቶችን አጠቃሎ በ2005 የወጣ ትንተና፣ የስደተኛ የአእምሮ ጤና የሚወሰነው በሸሸው ጦርነት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባገኘው ኑሮ ጭምር መሆኑን አሳይቷል። ቋሚ የግል መኖሪያ ያገኙና ሠርተው የማደር ዕድል የተከፈተላቸው የተሻለ ጤና ነበራቸው። በዕድሜ የገፉ፣ ቀድሞ ከፍ ያለ ኑሮ የነበራቸውና ከገጠር የወጡት ግን የባሰ ተጎድተው ተገኝተዋል። ብዙ የነበረው ሰው የሚያጣውም ብዙ ነው።

ይህ ማለት ግን ስደተኛ ሁሉ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው ማለት አይደለም። በምዕራባውያን ሀገራት በሠፈሩ 7 ሺህ ያህል ስደተኞች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ በሰቆቃ ትዝታ የሚመጣው ሕመም የተገኘባቸው ከዐሥሩ አንዱ ያህል ነበሩ። አብዛኛው ሰው ያዝናል፣ ይናፍቃል፣ ከዚያም ይለምዳል።

ሕመሙ ስም ሲያጣ

ሕክምናን ከሚያዘገዩ ነገሮች አንዱ ቋንቋ ነው። የኔፓል ቋንቋ ተናጋሪዎች ስለ ውስጣቸው ሲናገሩ ሁለት ቃላትን ይለያሉ። «መን» የስሜትና የምኞት መኖሪያ የሆነው ልብ ነው፤ «ዲማግ» ደግሞ የሚያስበውና የሚወስነው አእምሮ ነው። የመን ሕመም ማንም የሚናገረው፣ የማያሳፍር ነገር ነው። የዲማግ ሕመም ግን እብደት ተብሎ ቤተሰብን ጭምር ያሳፍራል። ስለዚህ ሐኪም «የአእምሮ ችግር አለብህ» ሲለው ሰውየው ይሸሻል፤ «ልብህን ምን ከበደው?» ሲለው ግን ይናገራል።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። እኛም «ሆዴን ባር ባር አለው»፣ «ልቤ ተሰበረ» ስንል አናፍርም፤ «አእምሮውን አመመው» መባልን ግን እንፈራለን። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል ከሌላው ሕመም ይልቅ ለዚህ ይሠራል።

የረዳው ምንድን ነው?

ከሐዘኑ በኋላ ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ የማኅበረሰቡን የራሱን መሪዎች ማሠልጠን ነበር። ሽማግሌዎችና የማኅበር አስተባባሪዎች የድባቴን ምልክት እንዲለዩ፣ የተጨነቀን ሰው እንዲያዳምጡና ወደ ሐኪም እንዲያደርሱ ተማሩ። ከሥልጠናው በኋላ ምልክቶቹን የመለየት ችሎታቸው መጨመሩም ታይቷል።

ሁለተኛው ስደተኞቹ ራሳቸው ያደረጉት ነው። መንግሥት በተለያዩ ግዛቶች በትኖ ቢያሠፍራቸውም ብዙዎች ወደ ዘመዶቻቸው ተጓዙ። ኮለምበስን፣ ፒትስበርግንና ሃሪስበርግን በመሳሰሉ ከተሞች ተሰባስበው ሱቅ ከፈቱ፣ ማኅበር መሠረቱ፣ በዓላቸውን በጋራ አከበሩ።

ሦስተኛው መሬት ነው። ዓለም አቀፉ የነፍስ አድን ኮሚቴ «አዲስ ሥር» የሚል ትርጉም ባለው ፕሮግራሙ በበርካታ የአሜሪካ ከተሞች ለስደተኞች የጋራ ማሳ አዘጋጅቷል። በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ቋንቋ የማይችለው ሽማግሌ ከፎቁ ወርዶ ቃሪያና ጎመን ይተክላል፤ የሚያውቀውን ሥራ ይሠራል፤ ከእኩዮቹ ጋር ይነጋገራል። ማሳው መድኃኒትን አይተካም፤ ሰውየው የተነጠቀውን ሙያና ጎረቤት በጥቂቱም ቢሆን ይመልስለታል።

ከእኛ የሚጠበቀው

ባሕር ማዶ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም በየከተማው እድርና ማኅበር የሚያቋቁሙት ስለዚሁ ነው። ሀገር ቤት ያለ ቤተሰብም ድርሻ አለው። ስልክ ሲደወል ስለ ገንዘብ ከመጠየቅ አስቀድሞ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ሥራውና ከማን ጋር እንደሚውል መጠየቅ ሸክም ያቀላል። «ሰው ሁሉ ሲያልፍለት አንተ ምን ሆንህ?» የሚለው ቃል ግን ሸክም ይጨምራል።

በመንደራችን ያረፈ ስደተኛ ወይም ተፈናቃይ ካለም ከእህልና ከልብስ ባሻገር ለቡና መጥራት፣ በእድር ማቀፍ፣ የሚችለውን ሥራ ማሠራት ትልቅ እርዳታ ነው። ሰውየው ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ ከሆነ ክብሩን ያጣልና እርሱም የሚሰጠው ነገር እንዲኖረው ማድረግ ይገባል።

አንድ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ከሰው ከሸሸ፣ ይወደው የነበረውን ነገር ከተወ፣ ወይም «ሸክም ሆንሁባችሁ» ማለት ካበዛ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሊወሰድ ይገባል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም መንገዱን ታሳያለች። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ማቋረጥ የለበትም፤ ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉ። ሰውየው ስለ ሞት የሚናገር ከሆነ ብቻውን አይተውም። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ አይዘራም፤ እንዲያውም የተዘጋውን በር ይከፍታል። ጥያቄውን ለመጠየቅም ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ቀርቦ የሚያዳምጥ ጎረቤት ይበቃል።