የቀፎው ሽታ ከሆድ ይመጣል

አደይ አበባ በሞጣ ዙሪያ ሲፈካ በአንድ ጓሮ የተደረደሩ ቀፎዎች ንቦች አንድ ማሳ ላይ ይቀስማሉ። ሲመለሱ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ነው፤ ተሳስታ ወይም ማር ልትሰርቅ የጎረቤት በር የረገጠችውን ንብ ዘበኞቹ በአንቴናቸው ይዳስሷታል፣ ሽታዋን ካላወቁት ይነክሷታል። መለያው ያለው ገላዋን በለበሰው ስስ ቅባት ላይ ነው። ቅባቱን ከየት አገኘችው ቢባል “ዘር ከልጓም ይስባል” የሚል አይጠፋም፤ የአንድ ቀፎ ሠራተኞች የአንዲት አውራ ልጆች ናቸውና ግምቱ አይናቅም። በዘር ቢሆን ኖሮ ግን ንቧ ስትወለድ ይዛው ትገኝ ነበር። ገና የተፈለፈለች ንብ የትም ቀፎ ብትገባ የሚከለክላት የለም (ደካማ መንጋን በጫጩት ንብ ማጠናከር የሚቻለውም ለዚህ ነው)፤ የቀፎው ሽታ በቅባቷ ላይ የሚወጣው ለመስክ ስትደርስ ነው።

አዲስ ንብ አንጀቷ ከባክቴሪያ ባዶ ነው ለማለት ይቻላል፤ ተሕዋስያኑን የምታገኘው ከእህቶቿና ከማር እንጀራው ነው። በአሜሪካ የሴንት ሉዊሱ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ የአንድ ቀፎ እህትማማቾችን ገና በጨቅላነታቸው ለያይተው የተለያየ ባክቴሪያ ሰጧቸው። የገላቸው ቅባት ተለያየ፤ እህት እህቷን መለየት አቃታት። ሽታው የአበባው ነው የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል፤ ታዲያ አንድ ማሳ የሚቀስሙት የሞጣ ጎረቤታሞች ለምን በር ላይ ይነካከሳሉ? እርግጥ ዘርም ምግብም ፋይዳ የላቸውም አይባልም፤ አጥኚዎቹም ቢያንስ በከፊል ከማለት አላለፉም። ጥናቱ የተሠራው በፈረንጅ ንብ ነው ቢባልም፣ የእኛይቱ የደጋ ንብ ንዑስ ዝርያዋ ይለይ እንጂ ያችው አፒስ ሜሊፌራ ናት።

ንብ በጠረን እንደምትኖር አናቢው ዱሮም ያውቃል፤ አዲስ ቀፎ በጠጅ ሳር የሚታሸው መንጋ እንዲገባበት ነው፣ በሳሩ ውስጥ ያለው ሲትራል ንቦች ራሳቸው ለመጠራራት ከሚረጩት ሽታ አንዱ ነውና። አዲሱ ነገር ሽታው በሆድ በኩል ሊበላሽ መቻሉ ነው። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ግላይፎሴት የተባለው ፀረ አረም የንብን የአንጀት ባክቴሪያ እንደሚያመናምን አሳይተዋል። እንደ ቢቸናና ሞጣ ባለ የጤፍ አገር ስለ ፀረ አረም ሲወራ ቀድሞ የሚጠየቀው ንቧ ሞተች ወይ ነው። ሳትሞት የሆዷን ማኅበር ብቻ አጥታ የምትመለሰውን ዘበኞቹ ማን ብለው እንደሚቀበሏት ለማየት ግን ከቀፎው ሥር የወደቀውን መቁጠር አይበቃም፤ በሩ ላይ የሚታገሉትንም ማየት ያሻል።