ከሰርግ ካርድ ወረቀት የጦር መርከብ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካሉት ማተሚያ ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ የሰርግ መጥሪያ ሲቆረጥ የሚተርፈውን ወፍራም ወረቀት የሚለምን ሰው መልስ አዘጋጅቶ መሄድ አለበት። «ምን ሊያደርግልህ ነው ወንድሜ?» ይባላል። «የጦር መርከብ ልሠራበት» ሲል ሳቅ ይከተላል፤ ሳቁም አያስከፋም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። የሚቀርባት ትልቅ ውኃ ጣና ነው፤ እሱንም ለማየት ጎርጎራ ድረስ መውረድ ግድ ይላል። የወረቀት መርከብ ሠሪ ግን ባሕር አያስፈልገውም። ደህና ወረቀት፣ አዲስ ምላጭ፣ ኮላ፣ የብረት ማስመሪያና መቀመጥ የሚችል ወገብ ካለው ይበቃዋል።

ልጆች ከደብተር ገንጥለው አጣጥፈው የክረምት ጎርፍ ላይ የሚለቋት ጀልባ ሌላ ናት። እዚህ የምናወራው እውነተኛውን መርከብ በልኬት አሳንሶ፣ ክፍል በክፍል ወረቀት ላይ ሥሎ፣ ቆርጦና አጣብቆ ስለማቆም ነው። ዲስትሮየር የሚባለው የጦር መርከብ ዓይነት እንዲህ ሲሠራ ክፍሎቹ ከአንድ ሺህ ሊያልፉ ይችላሉ። መድፉ፣ መልሕቁ፣ የነፍስ አድን ጀልባው፣ መርከበኛው የሚይዘው የመርከቡ ዳር አጥር ሳይቀር ለየብቻ ይሠራል።

ዲስትሮየር የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው። ቶርፔዶ የያዙ ትናንሽ ፈጣን ጀልባዎች ታላላቆቹን መርከቦች ማስጨነቅ ሲጀምሩ፣ እንግሊዞች እነዚያን አሳድዶ የሚያጠፋ፣ ከእነሱም የሚፈጥን መርከብ ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1893 የተወነጨፈችው «ሃቮክ» ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት። ፍጥነትና ክብደት ደግሞ አይስማሙም፤ ስለዚህ ዲስትሮየር ረጅምና ቀጭን ሆነ፣ ጎኑም ሳሳ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንኳ የጎኑ ብረት ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይርቅም ነበር። የአሜሪካ መርከበኞች የገዛ መርከባቸውን «ቆርቆሮ» እያሉ ያፌዙበት ነበር።

ወረቀት ከሌላው ማሽን ይልቅ ይህንን መርከብ የሚመስለው ለዚህ ነው። እውነተኛው መርከብ ራሱ በጎድን አጥንቶች ላይ የተወጠረ ስስ ሉሕ ነው፤ ሞዴሉም እንደዚያው። ወረቀት በአንድ አቅጣጫ እንደልብ ይታጠፋል፣ ይጠቀለላል፤ በሁለት አቅጣጫ በአንዴ ጉበጥ ሲሉት ግን እምቢ ይላል፣ ይሸበሸባል። የመኪና ጣሪያ ወይም የአውሮፕላን አፍንጫ በወረቀት ሲሠራ የሚያስቀይመው በዚህ ምክንያት ነው። የዲስትሮየር ጎን አብዛኛው ቀጥ ያለ ነው። ችግሩ ያለው ከፊት፣ ማዕበል የሚሰነጥቀው ጫፍ ወደ ውጭ በሚከፈትበት ቦታና ከኋላ በሚከበብበት ቦታ ብቻ ነው። እዚያ ወረቀቱ በቀጫጭን ሽንሽን ተቆርጦ እየተገጣጠመ ይጎብጣል። አንድ የሚያስቅ ነገርም አለ፦ መርከቡ ሁለት መቶ ጊዜ ሲያንስ የአንድ ሴንቲ ሜትር ብረት ውፍረት 0.05 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ160 ግራም ወረቀት ብንሠራው ወረቀታችን ለልኬቱ ከብረቱ አራት እጥፍ ገደማ ወፍራም ነው ማለት ነው።

ይህን ሥራ የሕዝብ ካደረጉት መካከል ፖላንዳውያን ይገኙበታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፕላስቲክ ብርቅ፣ ወረቀት ግን ርካሽ በነበረበት አገር «ማዊ ሞዴላሽ» የተባለ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ መርከብና አውሮፕላን ለቆራጭ ተዘጋጅቶ የታተመባቸውን ገጾች ያወጣ ጀመር። ዛሬም የፖላንድ አታሚዎች ለመርከብ የሚመርጡት ልኬት 1፡200 ነው፤ ጀርመኖች 1፡250 ይወዳሉ። ፖላንዳዊ ሠሪ አንድ ትልቅ ዕድል አለው። እንግሊዝ አገር የተሠራችው 114 ሜትር ርዝመት ያላት «ብዊስካቪጻ» ዲስትሮየር እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ግዲኒያ ወደብ ላይ ሙዚየም ሆና ቆማለች፤ የተጠራጠረ ሄዶ በእጁ መንካት ይችላል።

እኛስ? ኢትዮጵያ ዲስትሮየር ኖሯት አያውቅም። በደርግ ዘመን ከሶቭየት ኅብረት የመጡት ሁለት «ፔትያ» ፍሪጌቶች 82 ሜትር ገደማ ነበሩ። በመልክም በዝናም ወደ ዲስትሮየር የምትቀርበው ግን የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» ናት፤ እኔ ለጎንደር ልጅ የምመርጥለትም እሷን ነው።

«ኢትዮጵያ» መጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ነበር። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1944 አገልግሎት ጀመረች፤ በፓስፊክ ጦርነትም ፊሊፒንስ ድረስ ዘልቃለች። ሥራዋ ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ነዳጅ መሙላት፣ ማስታጠቅና መጠገን፣ አብራሪዎቻቸውንም ማሳደር ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠች፤ የምፅዋው ባሕር ኃይል ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። ባሕር ኃይሉ ራሱ ገና ልጅ ነበር፦ ኮሌጁ አሥመራ ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ለምክትል አዛዥነት የበቁት የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ልዑል እስክንድር ደስታ ነበሩ፤ ኅዳር 1967 ዓ.ም. ደርግ ከረሸናቸው ባለሥልጣናት መካከልም ይገኛሉ። መርከቢቱ ከእሳቸው ቆየች። ምፅዋ የካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ እጅ ወደቀች፤ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሁሉም ነገር ሲያበቃ «ኢትዮጵያ» ወደ የመን ሸሸች፣ እ.ኤ.አ. በ1993ም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ስለዚህ ሄዶ የሚነካት የለም። የቀሩት ልኬቶቿና ፎቶግራፎቿ ናቸው፤ ለወረቀት ሠሪ ደግሞ የሚያስፈልገው በትክክል እነዚያው ናቸው።

ርዝመቷ 94.7 ሜትር፣ ወርዷ 12.5 ሜትር ነበር። በ1፡200 ሲመታ 47.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመትና 6 ሴንቲ ሜትር ከሩብ ወርድ ይሆናል፤ ጠረጴዛ ላይ ትመቻለች። ልኬቱን በዓይን ለማየት የሚፈልግ ጎንደሬ ፋሲል ግቢ ይግባ። የፋሲለደስ ቤተ መንግሥት 32 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ በዚሁ ልኬት 16 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል። ሦስቱ ተጋድመው ቢቀጠሉ የመርከቢቱን ርዝመት ይሰጣሉ።

ሥራው ከአፅሙ ይጀምራል። አንድ ሚሊ ሜትር የሚወፍር ካርቶን ይፈለጋል፤ የጫማ ካርቶን ጀርባ ጥሩ ነው፣ የብስኩት ካርቶን ግን ውስጡ ባዶ ስለሆነ ይጠፈጠፋል። ከዚያ ላይ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ አከርካሪና የሚያቋርጡት ጎድኖች ይቆረጣሉ። በሚገናኙበት ቦታ ሁለቱም እስከ ወገባቸው ይሰነጠቁና አንዱ ሌላው ውስጥ ይገባል። ስንጥቁ ከካርቶኑ ውፍረት ጠበብ ካለ አከርካሪው ይጎብጣል፤ ያ ጉብጠት ደግሞ መጨረሻ ላይ መርከቢቱ ሆዷን ይዛ እንደምትሄድ ያስመስላታል። ስለዚህ አፅሙ የመስኮት መስተዋት ላይ ተቀምጦ፣ መጽሐፍ ተጭኖበት ይደር። በዚህ ደረጃ መቸኮል መርከቡን በሙሉ ያስከፍላል፤ ከሁሉም ክፍል ይልቅ ትዕግሥት የምመክረው እዚህ ላይ ነው።

ወለሉ ይቀጥላል፤ ጎኑ ከፊት ወደ ኋላ እየተለጠፈ ይሄዳል። ኮላ በስቴኪኒ ጫፍ እየነኩ እንጂ በጣት አይቀባም፤ የበዛ ኮላ ወረቀቱን አርሶ ጎድኖቹን አንድ በአንድ ከውጭ እንዲቆጠሩ ያደርጋል። የተራበች መርከብ ያዩ ሰዎች ምን ለማለት እንደፈለግሁ ያውቁታል።

የሚታጠፍ መስመር ሁሉ ከመታጠፉ በፊት መጫር አለበት። እዚህ ላይ ጎንደር ከፖላንድ የምታንስ አይመስለኝም። ብራና ላይ የሚጽፉ ሰዎች ብርዕ ከማንሳታቸው በፊት ጠርዙን በወስፌ ወግተው መስመሩን ያለ ቀለም ይጭሩታል፤ ሳይቆርጡ፣ ለዓይንና ለእጅ የሚሰማ ሰርጥ ብቻ እያወጡ። የወረቀት ሠሪው እጅም ከዚያ የተለየ አያደርግም፤ ያለቀበት ቢክ እስክሪብቶ ወይም የደነዘ ወስፌ ይበቃዋል። በሌዘር ፕሪንተር የታተመ ወረቀት ግን ሲታጠፍ ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ሰርጡ ቀለል ይበል፣ ነጭ ሆኖ የሚወጣው የተቆረጠ ጠርዝም በውኃ ቀለም ግራጫ ይቀባ። ይህን ጠርዝ ሳይቀባ የተወ ሰው የቱንም ያህል ቢደክም ሥራው ከሩቅ «ወረቀት ነኝ» ይላል።

ከዚያ መድፉ ይመጣል። «ኢትዮጵያ» ከፊቷ የያዘችው የ127 ሚሊ ሜትር መድፍ አፈ ሙዙ 4.8 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በልኬታችን 24 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቀዳዳውም ከ0.6 ሚሊ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስስ ወረቀት በስፌት መርፌ ላይ ተጠቅልሎ፣ ኮላው ሳይደርቅ መርፌው እየተሽከረከረ ይወጣል። ከደረቀ መርፌው እዚያው ይቀራል። የ40 ሚሊ ሜትር ጸረ አውሮፕላን መድፎቿ አፈ ሙዝ 11 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እነሱንም በወረቀት መጠቅለል አለብን የሚሉ ጥብቅ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የሚወጣ የመዳብ ሽቦ ብጠቀም ኃጢአት አይመስለኝም። የዳር አጥሩ አምስት ሚሊ ሜትር ቁመት አለው፤ ከጥቁር የስፌት ክር ይሠራል።

መርከብን በአምሳያ መሥራት ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 ጣና ዳር ዘጌ ላይ ሳሉ ከደንገል ትልልቅ ጀልባዎች አሠርተው፣ በሁለቱም ጎናቸው በእጅ እጀታ የሚዞር መንኮራኩር አስገጥመው የእንፋሎት መርከብ ለመምሰል መሞከራቸውን፣ እስረኛቸው የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፎታል። ደንገል ደግሞ የጥንት ግብፆች ወረቀት ያወጡበት ተክል ነው። በ2011 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የባሕር ኃይሏን እንደገና ለማቋቋም ተነሥታ ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ስትፈርምም ጊዜው ጎንደር ላይ ስለ መርከብ ማውራት የማያስቅበት ነበር።

ለጀማሪ ግን «ኢትዮጵያ»ን አልመክርም። ባሕር ኃይሉ ከአሜሪካ ያገኛቸው 29 ሜትር ርዝመት ያላቸው የጥበቃ ጀልባዎች ነበሩት፤ በ1፡200 አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናሉ። አንድ አከርካሪ፣ ጥቂት ጎድን፣ አንድ ትንሽ የአዛዥ ክፍል፣ አንድ ምሰሶ። እጅ በነሱ ይፍታታ። የሚጀመረውም ከጥቅምት በኋላ ይሁን፤ በሐምሌና በነሐሴ የጎንደር እርጥበት ወረቀቱን ያለሰልሰዋል፣ የደረቀ ሲመስል የተጣበቀው ጎን በማግሥቱ ይላቀቃል። በበጋ ደግሞ ጠላቱ አቧራና ፀሐይ ናቸው። ያለቀው መርከብ መስኮት ዳር አይቀመጥ፤ ግራጫው በወራት ውስጥ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ክዳን ያለው የኬክ ሣጥን ለጥበቃ ጀልባዋ ይበቃታል፤ «ኢትዮጵያ» ግን ግማሽ ሜትር የሚጠጋ የመስተዋት ሣጥን ትፈልጋለች፤ ይህንንም የመስኮት መስተዋት የሚቆርጡ ሰዎች በልኳ ይሠሩላታል።