ውሃው የተወሰደበት የፔንሊን ገጠር ወረዳ

በሰሜን ዌልስ የባላን ከተማ ከብቦ የነበረው የፔንሊን ገጠር ወረዳ ዛሬ በአስተዳደር ካርታ ላይ አይገኝም። ወረዳው የተመሠረተው በ1894 በወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሕዝቡ በአብዛኛው በግና ከብት አርቢ፣ ቋንቋውም ዌልስኛ ነበር።

የወረዳው ምክር ቤት በነዋሪው እየተመረጠ የመጠጥ ውሃ፣ የፍሳሽ፣ የጤና አጠባበቅና የመኖሪያ ቤት ሥራን ይመራ ነበር። ትምህርት ቤቶች ግን በበላዩ በሜሪዮነዝ አውራጃ ምክር ቤት ሥር ነበሩ።

ለገጠሩ ውሃ የማቅረብ ኃላፊነት የነበረበት ይህ ወረዳ የገጠመው ከባድ ፈተና የመጣው በዚያው በውሃ ነው። የእንግሊዙ የሊቨርፑል ከተማ ምክር ቤት በትሪወሪን ሸለቆ ግድብ ለመሥራት ሲነሣ፣ የአካባቢውን ምክር ቤቶች ፈቃድ አልጠየቀም። ጉዳዩን በቀጥታ ለንደን ለሚገኘው ፓርላማ አቅርቦ በ1957 የራሱን ሕግ አስወጣ። ፓርላማው ከፈቀደ የወረዳም ሆነ የአውራጃ ምክር ቤት ሊያግደው አይችልም። አብዛኞቹ የዌልስ እንደራሴዎች ሕጉን ባይደግፉም በድምፅ ብልጫ ጸደቀ።

የካፔል ኬሊን መንደር ገበሬዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የመከላከያ ኮሚቴ አቋቁመው በ1956 ልጆቻቸውን ጭምር ይዘው በሊቨርፑል አደባባይ ተሰለፉ፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። 12 ቤቶችና እርሻዎች፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፖስታ ቤቱና ጸሎት ቤቱ ሁሉ የውሃ ሲሳይ ሆኑ። ከሸለቆው 67 ነዋሪዎች 48ቱ ቤታቸውን አጡ። በመቃብር ካረፉት የጥቂቶቹ አፅም ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር የቀሩት እዚያው ተተዉ፤ መካነ መቃብሩም በሲሚንቶ ተሸፈነ። ውሃው የተኛበት መሬት 320 ሄክታር ያህል፣ በጋሻ ቢሰላ ስምንት ጋሻ ነው። ግድቡ በጥቅምት 1965 ሲመረቅ ተቃዋሚዎች ሥነ ሥርዓቱን አወኩት።

ውሃው ለሊቨርፑል የሚደርሰው ከግድቡ በቧንቧ ተስቦ አይደለም። ወደ ወንዙ ይለቀቅና ከዲ ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ ከታች ይቀዳል።

የፔንሊን ገጠር ወረዳ በ1974 ፈርሶ ወደ ሜሪዮኒዝ ወረዳ ተጠቃለለ፤ ይህም በተራው በ1996 ቀርቶ አካባቢው በግዊኔዝ ምክር ቤት ሥር ዋለ። የሊቨርፑል ከተማ ምክር ቤት ለተፈጸመው ነገር በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2005፣ የፔንሊን ምክር ቤት ከፈረሰ ከ31 ዓመት በኋላ ነው።